ለአሮጌ መኪና ሽማግሌ የሆንኩባት አትላንታ

ከአትላንታ ከተመለስኩ ወዲህ ሐረር ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «አሜሪካ ምን አየሽ?» ይለኛል። «አሮጌ መኪና» ስለው ያሾፍኩበት ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ እኛ ከተማ አሮጌ መኪና ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፣ ከበር ወጥቶ እጅ ማንሳት ይበቃል። ባለቤቴ አበራ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰማያዊዋን ፔጆ ታክሲያችንን ዕድሜ ልኩን ነዳት። እሱ ካረፈ በኋላ የቀጠርኩት ሹፌር ፍሬን የሚረግጠው በቂም ስለነበር አሰናበትኩትና እኔው መሪዋን ያዝኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠዋት ልጆች አስተምር ነበር፣ ከሰዓት ሰው አመላልስ ነበር።

ስለዚህ ስለ አሮጌ መኪና የሚነግረኝ ሰው የለም ብዬ ነው የሄድኩት። የተመለስኩት ግራ ተጋብቼ ነው፤ ግራ መጋባቱ ዛሬም አልለቀቀኝም። ወደዚያ ለማትሄዱት ከመነሻው ጀምሬ እንደሆነው ልጻፈው። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ አልገባኝም እላለሁ።

ሐሙስ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ቀንና ሌሊቱ የማይለይበት ረጅም በረራ። አትላንታ ስደርስ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፈተና የባቢሌ ለውዜን አገኘ። አንስቶ አየው፣ አሸተተው፣ በእጁ የመቁላት ምልክት አሳየኝ። አዎ ተቆልቷል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ለባልደረባው አንድ ነገር ተናግሮ ሳቁና መለሰልኝ። ምን እንዳለው አላውቅም።

የተቀበሉኝ ታናሽ ወንድሜ ጌታቸውና ልጁ ማህሌት ናቸው። ጌታቸው በወጣትነቱ በሱዳን በኩል የወጣ ስደተኛ ነው። እዚያ ከደረሰ ወዲህ ያልሠራው ሥራ የለም፤ በመጨረሻ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ሆኖ ከአትላንታ ወጣ ባለችው ማሪዬታ ቤት ገዝቷል። የማህሌት እናት ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ አብረው ይኖራሉ። ማህሌት እዚያው አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ኢንሹራንስ ቤት ትሠራለች። «አንቺ» ትለኛለች። የአዲስ አበባ አክስት ብሆን ቅር ይለኝ ነበር፤ ሐረር ግን ትንሹም ትልቁም አንተና አንቺ ስለሆነ ከልጅቷ ጋር ወዲያው ተግባባን።

ከመኪና ማቆሚያው ስንወጣ ጌታቸው የቀኝ ስፖኪዮውን ከምሰሶ ጋር አላተመው። ማህሌት «ዳድ፣ አጌን?» አለችው። እሱ ስቆ አለፈው። እኔ ግን ደነቀኝ። ይህ ሰው የሐረርን ጀጎል ጠባብ መንገዶች ግድግዳ ሳይነካ በብስክሌት የሚያልፍ ልጅ ነበር፣ በዚያ ላይ ዕድሜውን የጨረሰው በሹፌርነት ነው። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው፣ ሰው ግን የለም። ማሪዬታ እስክንደርስ በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው ፈለግኩ። «ሰዉ የት ነው?» ብለው ጌታቸው «መኪና ውስጥ» አለኝ።

ዓርብ

ሁለቱም ሥራ ሄዱ። እኔ ቤት ተቀምጬ ልቤ አላርፍ ስላለኝ ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። የእግረኛው መንገድ ትንሽ ሄዶ ሣር ውስጥ ቀረ። ለምን እንደተጀመረና ለምን እንደተቋረጠ የሚያስረዳ ነገር የለም። በሣሩ ላይ መሄድ ስቀጥል አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ ወረደች። የጠፋሁ መሰላት። ማሪዬታ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ውሻ ያስከትላል ወይ ችግር ደርሶበታል ማለት ነው፤ እኔ ውሻ የለኝም። አሳፍራኝ ቤቱን እንዳሳያት በምልክት ጠየቀችኝ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሰው ቤት አሳየኋት። ቁልፌ እምቢ ሲል ሌላ ሞከርን። በሦስተኛው ከፈተ። ሴትየዋ ከኔ የበለጠ ደስ አላትና አቅፋኝ ሄደች። ዳቦ አልገዛሁም።

ማታ እራት ላይ ወሬው ሁሉ ስለ መኪና ሆነ። ጌታቸው አንድ አሮጌ አሜሪካዊ መኪና ሊገዛ ነው፤ መስል ካር ይሉታል፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ከኔ ፔጆ ጋር እኩያ። ስሙን ደጋግሞ ነግሮኛል፣ ደጋግሜ ረስቼዋለሁ። ይሄዳል ወይ ስለው አይሄድም አለኝ። ዋጋው ግን ከሚሄድ አዲስ መኪና አያንስም። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ግራ መጋባት ጀመረ።

ማህሌት ልታስረዳኝ ብዙ ደከመች። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሞተር እንደያዘ መሆን አለበት፣ የሞተሩ ቁጥርና የአካሉ ቁጥር መመሳከር አለበት፣ ቢቻል ቀለሙም የጥንቱ ይሁን። እኔም የኛ ፔጆ ካርቡራቶሯ የቶዮታ፣ መቀመጫዋ የሚኒባስ፣ የኋላ መብራቷ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መሆኑን ነገርኳት። «ግን ትሄዳለች» አልኳት።

«ኖ ኖ አክስቴ፣ ላይክ... እንደዚህ ከሆነ ቫልዩው ይጠፋል» አለችኝ፤ ፔጆዋ የሞተችብኝ ይመስል አዘነችልኝ።

ጌታቸው ግን ስለ ቁጥር ግድ አልነበረውም። አሜሪካ እንደገባ ከተማ መሀል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ባለመኪና ሲመጣ ቁልፉን ተቀብሎ ምድር ቤት ወርዶ ማቆም ነው ሥራው። አንድ ሰውዬ እንዲህ ዓይነቱን መኪና ይዞ ይመጣ ነበር። «ከበሩ እስከ ምድር ቤት ነው የምነዳው» አለኝ። «ግን ድምፁ፣ እህቴ አስቱ፣ እዚያ ኮንክሪት ውስጥ ደረትሽን ይነካል። በዚያ ዓመት የምስቀው ያን መኪና ፓርክ ሳደርግ ብቻ ነበር።» ይህን ሲነግረኝ ፊቱ እንደ ልጅ ሆነና ደስ አለኝ። ሻዩን ሊያነሳ ሲል ግን በስተቀኙ ያለውን ብርጭቆ መታና ደፋው።

ቅዳሜ

ሻጩ ኬኔሶ ከምትባል ከተማ አልፎ ገጠር ውስጥ ነው ያለው። በመንገድ ላይ ቁርስ በላን። ገንፎ የሚመስል ነገር አመጡልኝ። መሀሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና በርበሬ ብጠብቅ የሚመጣ የለም። በውኃ የራሰ በቆሎ ነው፣ ጨውም ጠፍቶበታል። አስተናጋጇ ፊቴን አይታ ሳልጠይቃት እንቁላል አመጣችልኝና አታስቢ ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

ሻጩ ሚስተር ዴል ይባላል። ሰማንያን የተጠጋ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ነጭ ሽማግሌ ነው። ልጆቹ እርሻህን ሽጠህ እኛ ጋ ና እያሉት እንደሆነ ማህሌት ነገረችኝ። በረንዳው ላይ አስቀምጦ በበረዶ የቀዘቀዘ ሻይ ሰጠን፤ ስኳሩ የድግስ ነው። የተቀቀለ ለውዝም አቀረበ። የተቀቀለ! ለውዝ እንደ ድንች ሲቀቀል ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ለክብሩ ብዬ ዋጥኩ።

መኪናው ጎተራ ውስጥ ነበር። አቧራው ሲጠረግ ከሥር አረንጓዴ ቀለም ወጣ፤ በሮቹ ሥር ዝገት በልቶታል። ማህሌት የፍሪጅ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላ አካሉ ላይ ታስኬደው ጀመር። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን የተለጠፈ ስቱኮ ነው ማለት ነው። ይህን ስታደርግ ወደድኳት፤ የኛ ሰፈር ላሜራ ሠሪዎች በጣት አንኳኩተው ነው የሚያውቁት። ጌታቸው ከሥር ገብቶ ሻንሲውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገ። ደህና ነው አለ። ሲወጣ ዓይኑ በደስታ ያበራ ነበር። እኔም ያን ሳይ ልቤ ደነገጠ፤ ገዢ እንዲህ ፊቱን ከገለጠ ዋጋው ሰማይ ይነካል።

ስለዚህ አገር ቤት ማንኛዋም ሴት የምታደርገውን አደረግኩ። ዕቃውን አጣጣልኩ። ጎማውን በእግሬ ነካሁት፣ ምላሴን ጠቅ ጠቅ አደረግኩ፣ በሩን ከፍቼ አፍንጫዬን ያዝኩ። በምችላት እንግሊዝኛ «ዴድ» አልኩ። «ማይ ካንትሪ፣ ዶሮ» ብዬ ዶሮ የሚያድርበትን ቤት በእጄ ሠራሁለት። እኛ ዘንድ ይህ ስድብ አይደለም። ሻጩ ዕቃውን በሰማይ ያስቀምጣል፣ ገዢው መሬት ላይ ይጥለዋል፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ሻጭ ካልተናደደ ግብይቱ አልተጀመረም።

ሚስተር ዴል አልተናደደም። የጎተራውን በር ዘጋው፣ ለጌታቸው አንድ ነገር ተናግሮ ወደ ቤቱ ገባ።

መኪና ውስጥ ማህሌት ተረጎመችልኝ። መኪናውን የገዛው የሞተው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ለማን እንደሚሰጠው ገና እንዳልወሰነ፣ ምናልባት በመኸር እንደሚያስብበት ነው የነገራቸው። «አክስቴ፣ ሂ ዋዝ ሶ ኸርት፣ በጣም ነው ያዘነው» አለችኝ። እስከ ማሪዬታ ድረስ አፈርኩ። ሰው የሞተ ወንድሙን መኪና አውጥቶ እያሳየኝ የዶሮ ቤት አልኩት።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው የኛው ነው፣ ግቢው ግን በመኪና ተሞልቷል፤ ከቅዳሴ በኋላ መኪናውን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ጸሎት ነው። እናቶችና አባቶች «እንዴት ነዎት፣ እንኳን ደህና መጡ» ብለው ከበቡኝ። አንቱታ ስላልለመድኩ ከኋላዬ የቆመ ትልቅ ሰው ያለ መሰለኝ። አንዷ ሴት የምሳ ዕቃ ሞልታ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች።

ማህሌት ከጓደኞቿ ጋር ቀረች። ጌታቸውና እኔ መኪናው ውስጥ ገባን፤ እሱ ግን አላስነሳም። ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት እያየ ነገረኝ። ግላኮማ ይባላል። ዓይኑ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ነው፣ የቀኙ ብሷል። ሐኪሙ ዓመቱ ሳያልቅ መንዳት እንደሚያቆም ነግሮታል። የሥራ መኪናውን ካስረከበ ሰንብቷል፣ ለማህሌት ግን ሰዓት ቀንሼ ነው ብሏታል።

«ለማሂ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ከእናቷ ሞት ገና አሁን ነው ቀና ያለችው። ቁልፌንም ትነጥቀኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ አስቱ፣ የኔ የሆነ አንድ ያንን መኪና፣ እኔው ነድቼው ከዚያ ይምጣ የሚመጣው።»

ምሰሶውም፣ ብርጭቆውም ያን ጊዜ ገባኝ። አልናገርም ብዬ ቃል ሰጠሁት። ወደ ቤት ስንመለስ በቀኝ በኩል ያለውን መኪና ሁሉ እኔ ሳይለት መጣሁ፤ እንደ ታክሲ ረዳት «ና፣ ና፣ ቁም» እያልኩ። ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።

ሰኞ

ጌታቸው ተስፋ አልቆረጠም ነበር። ሚስተር ዴል በመኸር ቢሸጥለት ከዚያ ወዲያ ለማደስ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ለመጠየቅ ኖርክሮስ ያለ አንድ ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። ሠፈሩ ደስ አለኝ። የኮርያ፣ የሜክሲኮ፣ የቬትናም ጽሑፍ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፣ ብረት ይቀጠቀጣል፣ ሰው በእግሩ ይሄዳል። ጋራዡ የአንድ ሜክሲኮያዊ ነው። እንደገባን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ከራሱ ምሳ ሩብ ቆርሶ ሰጠኝ። ውስጡ በርበሬ ያለበት ቂጣ ነው፤ በዚያ አገር የበላሁት ጣፋጭ ነገር እሱ ነው።

ሰውዬው የመኪናውን ፎቶ አይቶ አወራ፣ ጌታቸው ተረጎመልኝ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይፈታል። ዝገቱ ይቆረጣል፣ ላሜራው ይበየዳል፣ ዕቃው ይታዘዛል፣ ሞተሩ ይከፈታል፣ ቀለም መጨረሻ ነው። የቸኮለ ሰው ገንዘቡንም መኪናውንም ያጣል። ሁለት ዓመት።

«ሁለት ዓመት ምን ሊያደርግበት ነው?» አልኩ። እኛ ዘንድ ፍሬን ከያዘ፣ ካምቢዮ ከገባ፣ ሰኞ የተገዛ መኪና ማክሰኞ ሰው ይጭናል፤ ቀለሙ ለልጅ ሰርግ ሲደርስ ይቀባል። ጌታቸው ይህን አልተረጎመውም። ሰውዬውን አመስግኖ ወጣ። መኪናው ጋ ስንደርስ «ተይው በቃ» አለኝ። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ሲቸገር ሳይ ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም፣ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ማታ ለማህሌት ሽማግሌ መሆናችን ነው አልኳት። ሰውየውን ያስቀየምኩት እኔ ነኝ፤ ያስቀየመ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ ልጅ ይጠይቃል። ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን ተወች። ሽማግሌ ሦስት ወንድ ነው፤ እኛ ሁለት ሴቶች ነን፣ አንዷም ወግ አታውቅም። ሐረር ቢሆን መሳቂያ ነበርን። እሷ ግን አለቃዋን አስፈቀደች።

ረቡዕ

ከሻንጣዬ የባቢሌን ለውዝ አወጣሁ። ነጠላዬን አጣፋሁ። «ተይው» ያለኝ ጌታቸው ተከትሎን መጥቶ አብሬ ልግባ ሲል ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም ብዬ መንገዱ ዳር መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሚስተር ዴል በረንዳ ላይ ነበር። ተቀመጡ አለን፤ ለማህሌት እንዳትቀመጥ ነገርኳት። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ሰውየው እንዳልተቀመጥን ሲያይ እሱም ተነሳ። ሦስታችንም እንደዚያ ቆምን። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እኛ አገር ገዢ ዕቃ የሚያጣጥለው በጣም ሲፈልገው እንደሆነ፣ የወንድሙ መኪና መሆኑን ባውቅ ምላሴን እቆርጥ እንደነበር ነገርኩት። ማህሌት ስትተረጉም ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለን መጥተናል አልኩ። የሥጋ ልጁን የጠየቅን እንዳይመስለው ልጅ ያልናት መኪናዋ መሆኗን ማህሌት ከራሷ ጨመረችበት።

ለውዙን ሰጠሁት። አንድ ቀመሰ። እንደገና ቀመሰ። ከዚያ ተቀመጠ፣ እኛም ተቀመጥን።

እንደ ደህና የልጅ አባት ጠየቀን። መኪና የማቆሚያ ቦታ አለው ወይ? አለው። ገዝቶ ዓመት ሳይሞላው አትርፎ ይሸጠዋል ወይ? አይሸጥም። ራሱ ይሠራዋል ወይ? በእጁ ይሠራዋል። «ታዲያ ምን አስቸኮለው?» አለ። «በመኸር ኑ ብያለሁ።» ማህሌት አባቴ ስለሚወደው ነው አለችው። የሚወድ ሰው ይታገሣል አላት፤ ለውዙንም ወደኛ ገፋ አደረገው። አገር ቤት እንዲህ ሲሆን ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ቃል ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ሽማግሌ የሙሽራውን ጉድለት ደብቆ አይድርም፤ የደበቀ እንደሆነ ትዳሩ ሲፈርስ ተጠያቂው እሱ ነው። ሁለቱ በአንድ አፍ ሊገቡልኝ አልቻሉም። አንዱን መረጥኩ።

«ማህሌት፣ የምልሽን ሳታስቀሪ ንገሪው» አልኳት። «ወንድሜ ዓይኑ እየጠፋ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ መንዳት ያቆማል። የሚቸኩለው ለዚያ ነው።»

ማህሌት መተርጎም ጀምራ አቋረጠች። «አክስቴ፣ ዋት? ምን አልሽ?» አለችኝ።

ደገምኩላት። ዞራ መንገዱ ዳር የቆመውን የአባቷን መኪና አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሚስተር ዴል ተመልሳ ተረጎመችው። እኔ ከተናገርኩት ያጠረ ነበር፤ የሰማሁት «ማይ ዳድ» የሚለውን ብቻ ነው። ድምጿ አልተሰበረም።

ሚስተር ዴል ባርኔጣውን አነሳና ደረጃውን ወርዶ በእግሩ ወደ መንገዱ ሄደ። በኛ ወግ የልጅ አባት ሙሽራ ፍለጋ ወጥቶ አያውቅም። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

«ለምን አልነገርሺኝም?» አለችኝ ማህሌት።

«እሱ እንዳልነግርሽ ለመነኝ።»

«ሁላችሁም እንደዚህ ናችሁ» አለች። «ማሚም ስትታመም መጨረሻ ላይ ነው የሰማሁት።» ባቅፋት አልታቀፍ አለችኝ፣ ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ መጥታ ተደገፈችኝ።

ሁለቱ ሰዎች በእርሻው መንገድ እየተራመዱ መጡ። ሚስተር ዴል በጌታቸው በስተቀኝ ሆኖ ክንዱን ይዞታል። ቀኙ እንደባሰ ማንም አልነገረውም። ጌታቸው የልጁን ፊት ሲያይ እንዳወቀች ገባው። ከዚያ እኔን አየኝ። እስከ ማግስቱ ድረስ አላናገረኝም፤ ፈርዶብኛል፣ ልክ ነው።

ሚስተር ዴል እሺም እምቢም አላለም። ቅዳሜ የሥራ ልብስ ለብሳችሁ ኑ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እናያለን አለ። ቀጠሮ ከተሰጠን ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው ብዬ በመኪና ውስጥ ነገርኳቸው። ማህሌት እዚህ አገር ቀጠሮ ቀጠሮ ብቻ ነው አለችኝ። ማንኛችን ልክ እንደሆንን እስከ ቅዳሜ አላወቅንም።

ቅዳሜ

ጠዋቱን ሙሉ ሁለቱ ወንዶች ከመኪናው ሥር ነበሩ። ሚስተር ዴል የፍሬን ቱቦና ሸራ ቀድሞ ገዝቶ አስቀምጧል፤ ይህን ሳይ እኔ ልክ እንደነበርኩ አወቅኩ። ጌታቸው በዳሰሳ ሲሠራ አየሁት። ብሎኑን ሳያይ በጣቱ ያገኘዋል። እኔ ፍሪሲዮን ስል እሱ ክላች ይላል፣ ሚስተር ዴል ሌላ ይላል፤ የጎደለው መፍቻ ግን ሁልጊዜ ተገኘ።

ነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጡ ዝጎ ነበር፣ ሳይጸዳ ነዳጅ አይቀበልም። ዛሬ አይሆንም አሉ። ያን ጊዜ ባዶ ጠርሙስና ቀጭን ቱቦ ጠየቅኩ። ጠርሙሱን በንጹሕ ቤንዚን ሞልቼ ኮፈኑ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ቱቦውን ወደ ካርቡራቶሩ መስመር አስገባሁት። ሐረር ላይ እንደዚህ ሆኖ ከተማ የዞረ ስንት ፔጆ አለ። ማህሌት «አክስቴ፣ ይሄ ሴፍ አይደለም» ብላ እሳት ማጥፊያ ይዛ ቆመች፤ እውነቷን ነው። ሚስተር ዴል ግን ካወቅነው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ በሦስተኛው ተነሳ። ጎተራው በድምፁ ተሞላ። ጌታቸው ያለው እውነት ነው፣ ደረት ይነካል። እሱ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር፤ እንባው እየወረደ መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም።

ድርቆሽ የታጨደበት ሜዳ ላይ አወጣው። ማንም ከጎኑ አልተቀመጠም፣ እሱ ነው አትምጡ ያለው። ቀስ ብሎ ዞረ፣ ማርሹን ጨመረ፣ ድምፁ ሲወፍር እኛ ጋ ድረስ መሬቱ ተሰማን። ማህሌት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች። በመመለሻው ላይ በቀኙ በኩል የአጥር እንጨት ነበር። እኛ ሁላችንም አይተነዋል። እሱ አላየውም። የፊት ፓራውልቱ ጥግ ተጨረማመተ።

ሞተሩ ጠፋ። ጌታቸው ወርዶ የተጎዳውን ቦታ በጣቶቹ ዳሰሰ። ሚስተር ዴል ዞሮ በግራ በኩል ያለውን ሌላ አሮጌ ጭርምት አሳየው። ወንድሙ ይህን የሠራው መኪናውን በገዛበት ቀን ነው፣ በዚሁ አጥር ነው። አሁን ግራና ቀኙ ተካከለ አለ። ከዚያ ከኪሱ የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት አውጥቶ ኮፈኑ ላይ ፈረመው።

ጌታቸው ወረቀቱን አላነሳውም። ቁልፉን ነቅሎ ወደ ማህሌት ዘረጋ።

«ዳድ፣ አልችልም። እኔ ማንዋል ነድቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አላት። «ነይ ግቢ።»

እሱ በተሳፋሪው ወንበር ገባ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ ድረስ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አጠፋችው፣ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች፤ እኔ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው አልኳት፣ የምለው አልገባትም። በሦስተኛው ተንቀሳቀስን። ዘወር ስል ጌታቸው ዓይኖቹን ጨፍኗል። ሞተሩ ሲጮህ «አሁን» ይላታል፣ ትቀይራለች። ሲያጉረመርም «መልሺው» ይላታል፣ ትመልሳለች። በፔጆ ስንት ዘመን ኖሬ ሞተሩ የሚለውን እሱ ከኔ ቀድሞ ይሰማው ነበር።

የአጥሩ ጥግ ጋ ስንደርስ ማህሌት ፈራች። እጁን ማርሹ ላይ፣ ከእጇ በላይ አደረገው።

«አንቺ እዪልኝ» አላት። «እኔ እሰማልሻለሁ።»

አጥሩን አልፈን ወደ ሜዳው ዞርን። ጠርሙሱ ውስጥ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ ዞርን።